የቅዳሜ ተማሪ፣ የሰኞ አስተማሪ

ድራሆሚራ ቫትሱሊኮቫ ክፍል ስትገባ ዓይኗ መጀመሪያ የሚሄደው በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ዴስክ ላይ ወደምትቀመጠው ልጅ ቅንድብ ነበር። ቅንድቡ ካልተነሳ ሰላም ነው፤ እያስተማረች ያለችው ትክክል ነው ማለት ነው። ከተነሳ ግን ጉድ ፈላ። ደወሉ እስኪደወል እሾህ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ስትቁነጠነጥ ትቆይና ወደ መምህራን ክፍል ሮጣ መዝገበ ቃላቷን ታገላብጣለች። አርባ ሰባት ዓመት የሞላት፣ ሁለት ጎረምሳ ያሳደገች ሴት በአንዲት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ቅንድብ ትተዳደራለች ቢባል ማን ያምናል? ግን እውነቱ ይኸው ነበር።

ጣጣው የመጣው ከመንግሥት ለውጥ ጋር ነው። ድራሆሚራ በቼክ አገር፣ በዚያች የቤችቫ ወንዝ ዳር ከተማ ከሃያ ዓመት በላይ ሩስኛ አስተምራለች። ሩስኛዋ እንከን የማይወጣለት ነበር፤ ግጥሙን በቃሏ ታወርደዋለች፣ ስትቆጣም በሩስኛ ስትቆጣ ነበር የሚያምርባት። ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ የቤቱን ቁልፍ እያንሿሿ አሮጌውን የኮሚኒስት መንግሥት ከሸኘ በኋላ ግን ሩስኛን ዞር ብሎ የሚያየው ጠፋ። ወላጅ ሁሉ «ልጄ እንግሊዝኛ ይማርልኝ» አለ። እንግሊዝኛ የሚያስተምር ሰው ደግሞ በመብራት ቢፈለግ አይገኝም። ታዲያ ምን ተደረገ? የሩስኛ አስተማሪዎች ተሰብስበው «ቅዳሜ ቅዳሜ ኦሎሞውትስ ከተማ እየሄዳችሁ እንግሊዝኛ ተማሩ፣ ሰኞ ሰኞ አስተምሩ» ተባሉ። ቀልድ አይደለም። ድራሆሚራ ቅዳሜ የገባትን ሰኞ ታስተምራለች፤ ቅዳሜ ያልገባትንም ሰኞ ታስተምራለች።

ቃላቱስ ይሁን፣ ቃል ይሸመደዳል። ልቧን ውልቅ ያደረገው ግሱ ነው። የቼክ ሰው ያለፈ፣ ያለና የሚመጣ ብሎ ሦስት ጊዜ አለው። ለቀረው ግሱን ጥንድ ጥንድ አድርጎ፣ አንዱን ላለቀ ሥራ ሌላውን ላላለቀ ሥራ መድቦ ይገላገላል። በዚሁ ሲዋደድ፣ ሲጣላ፣ ርስት ሲካፈል ኖሯል፤ ጎደለኝም ብሎ አያውቅም። እንግሊዞቹ ግን ጊዜን እንደ ሽንኩርት አድቅቀው ከትፈውታል። ከሁሉም የከፋው ፕረዘንት ፐርፌክት የሚሉት ነው፤ አለፈ ስትሉት አላለፈም፣ አላለፈም ስትሉት አልፏል። ኦሎሞውትስ የሚያስተምራቸው ወጣት ስኮትላንዳዊ ሰሌዳ ላይ መስመር አስምሮ፣ ቀስት ሰክቶ፣ ሊያስረዳቸው ሲወራጭ፣ የአምሳ ዓመት ሴቶች እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ አንገታቸውን ደፍተው ይገለብጣሉ። ድራሆሚራ ስትመለስ ባቡር ውስጥ ከንፈሯን እያነቃነቀች የግሶቹን ሦስት ሦስት መልክ ትወጣቸዋለች። አንድ ቀን ፊት ለፊቷ የተቀመጡ አሮጊት አይተው አይተው፣ «ማን ታሞብሽ ነው የኔ ልጅ እንዲህ የምትጸልይው?» አሏት።

ባሏ ሉቦር የሲሚንቶ ፋብሪካ መካኒክ ነው፤ ነገር አያካብድም። «ድራሁሽካ፣ በዚህ ዕድሜ ምላስ አይቀየርም። ሱቅ እንክፈት፤ አሁን ያልከፈተ ማን አለ?» ይላታል።

«ምን ልሸጥበት? ሩስኛ?»

«ዳቦ ሽጪ። ዳቦ ጊዜ የለውም።»

ይስቅባታል፣ እሷም ትስቃለች። ግን ከማስተማር ሌላ የምታውቀው ሥራ የለም። ከዚያ ትምህርት ቤት ብትወጣ ማን እንደምትሆን አታውቅም፤ ይህንን ለሉቦር ነግራው አታውቅም እንጂ ፍርሃቷ ሌት ተቀን አብሯት ነበር።

ቅንድበኛዋ ልጅ ሊንዳ ትባላለች። አባቷ የሩስያ ታንክ አገሩን የወረረ ጊዜ ካናዳ የገባ መሐንዲስ ነው። ድንበሩ ሲከፈት መንግሥት የወሰደበትን የአባቱን ቤት ለማስመለስ ሚስትና ልጁን ይዞ መጣ። ሊንዳ የተወለደችው ቶሮንቶ ስለሆነ እንግሊዝኛው አፍ የፈታችበት ነው። ቼክኛዋ ግን የጓዳ ነበር፤ ከእናትና ከአባቷ በቀር ከማንም ጋር አውርታበት አታውቅም። ስለዚህ «እርስዎ» የሚባለውን ነገር አፏ አልለመደውም። ገና ትምህርት ቤት በገባች ሳምንት ርእሰ መምህሩን ኮሪደር ላይ አስቁማ «አንተ፣ ሽንት ቤቱ የት ነው?» አለችው። ልጆቹ ያንን ወሬ ለገና እንደሚቀመጥ ብስኩት ቆጥበው ቆጥበው በሉት።

ያው በዚያው ሰሞን ነው ከድራሆሚራ ጋር የተላተሙት። ድራሆሚራ አንድ ዓረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ጽፋ ስታስነብብ፣ ሊንዳ ምንም ክፋት ሳይኖራት፣ እንዲያውም ልታጽናናት ፈልጋ፣ «አንቺ፣ ተሳስተሻል እኮ። ግን ምንም አይደል» አለቻት።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ድራሆሚራ ፊቷ ቀይ ሥር መሰለ።

«በዚህ ክፍል ሰው የሚናገረው ሲጠየቅ ነው!» አለች።

ከዚያ ወዲያ አልጠየቀቻትም። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ወሩም ተደገመ፣ ሊንዳ አፏን ሳትከፍት ኅዳር ገባ። ድራሆሚራ ያደረገችው ክፋት እንደሆነ ታውቃለች። ዳቦ ስትቆርጥ ትዝ ይላታል፣ ልብስ ስታሰጣ ትዝ ይላታል። ነገ እጠይቃታለሁ ትላለች፤ ነገ ሲመጣ ፍርሃቱ ቀድሟት ክፍል ገብቶ ይጠብቃታል። አንድ ነገር ብቻ ያጽናናት ጀመር። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የሊንዳ ቅንድብ መነሳቱን ትቷል። «እንግሊዝኛዬ ተስተካከለ ማለት ነው» አለች በልቧ፣ ደስም አላት።

በዚህ መሀል አንድ ሰኞ ርእሰ መምህሩ ሃንዘልካ ወደ መምህራን ክፍል ገባ። የድሮ የስፖርት አስተማሪ ነው፤ ክፉ ወሬ እንኳ በፊሽካ ድምፅ ነው የሚያወራው።

«ድራሆሚራ! ሐሙስ ኢንስፔክተር ይመጣል። ላንቺ ነው፣ ለሰባተኛ ክፍል እንግሊዝኛ።»

«ማነው የሚመጣው?»

«ክሊመሽ።»

ራዱዝ ክሊመሽን የማያውቅ አስተማሪ በአውራጃው የለም። ያኔ የሩስያው ወረራ «የወንድም እርዳታ ነው» ብለህ ፈርም ሲባል እምቢ ብሎ ከማስተማር የተባረረ፣ ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ሙሉ የሆስፒታል ማሞቂያ ምድጃ ከሰል ሲያጎርስ የኖረ ሰው ነው። አሁን ኢንስፔክተር ሆኖ ተመልሷል። እንዲህ ያለ ሰው የሩስኛ አስተማሪ ሲያይ ምን እንደሚሰማው ለመገመት ጠንቋይ አያስፈልግም። ጎረቤት ከተማ አንዷን የሩስኛ አስተማሪ ከጎበኛት በኋላ ሕፃናት ማቆያ ወርዳ የጫማ ክር እያሰረች ነው ተብሎም ተወርቷል።

«አበቃልኝ» አለች ድራሆሚራ።

«ምን ያበቃልሻል? ቀኝና ግራ አድርጊያ!» አላት ሃንዘልካ።

ይህቺን ዘዴ በዚያ አገር ያልሞከራት አስተማሪ ካለ ቅዱስ ነው። ማክሰኞ ድራሆሚራ ሰባተኛ ክፍልን አስቀምጣ፣ በሩን ዘግታ፣ ለሐሙስ የሚሆነውን ትምህርት እንደ ቲያትር አለማመደቻቸው።

«ስጠይቅ ሁላችሁም እጅ ታወጣላችሁ። ዴስክ ላይ የቀረ እጅ እንዳላይ! የምታውቁ ቀኝ፣ የማታውቁ ግራ። እኔ ቀኞቹን ብቻ ነው የምጠራው። ገባችሁ?»

ዝቢኔክ የሚባለው ቀልደኛ ብድግ አለ። «ጓድ መምህርት... ይቅርታ፣ ወይዘሮ መምህርት፣ ግማሹን ብቻ የማውቅስ?»

«አንተ አፍንጫህን እከክ።»

ሳቁ ጋብ ሲል ወደ ሦስተኛው ዴስክ ዞረች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሊንዳ፣ አንቺ ግራ» አለቻት።

«እኔ አውቀዋለሁ እኮ።»

«እንደምታውቂው አውቃለሁ። ግራ።»

ልጅቷ ትንሽ አየቻትና «እሺ» አለች። ድራሆሚራ ያቺን «እሺ» ይዛ ቤቷ ገባች።

ሐሙስ ክሊመሽ መጣ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሚስት በር ላይ ይዛው «ጫማ! ሚኒስትርም ቢሆን ያወልቃል» ብላው ኖሮ፣ ረጅሙ ሽማግሌ የሚጠበው ባለ ዳማ ንድፍ የቤት ጫማ ተጫምቶ እየተንሸራተተ ገባ። ልጆቹ ከንፈራቸውን ነከሱ። እሱ ግን ማንንም ሳያይ ከኋላ ሄዶ ተቀመጠና እጆቹን ጉልበቱ ላይ አኖረ።

ትምህርቱ እንደተለማመዱት ሄደ። ድራሆሚራ መስመሯን አሰመረች፣ ቀስቷን ሰካች፣ ብብቷን ላብ አጠመቀው። ስትጠይቅ እጆች ሁሉ ብድግ ይላሉ። ቀኞቹን ትጠራለች፣ ቀኞቹ ይመልሳሉ። አንድ ጊዜ ጠመኔው እጇ ላይ ተሰበረ፤ ሌላ ጊዜ የራሷን ጥያቄ ረስታ እንደገና ከመጽሐፉ ፈለገች። ደወሉ የት ጠፋ? ማን አሰረው?

ነገሩን ያበላሸው ዝቢኔክ ነው። ቀኙን አወጣ፤ ድራሆሚራ ልትጠራው ጣቷን ስትቀስር ደነገጠና ቀኙን አውርዶ ግራውን ሰቀለ።

ከኋላ ሳቅ ተሰማ። የሚስቀው ክሊመሽ ነበር።

«ወይዘሮ መምህርት፣ ይፈቅዱልኛል?» ብሎ ተነሳ። «እኔም ድሮ አስተማሪ ነበርኩ። በእኛም ጊዜ ቀኝና ግራ ነበር። እስቲ አሁን ደግሞ ግራዎቹን እኔ ልጠይቅ።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ሽማግሌው በዴስኮቹ መሀል እየተንሸራተተ መጣና በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ዴስክ አጠገብ ቆመ።

«አንቺ ልጅ። ግራሽን ነው ያወጣሽው አይደል? አትፍሪ።» ከዚያ ቀስ እያለ በእንግሊዝኛ ጠየቃት፤ እዚህ ከተማ ከመጣሽ ምን ያህል ጊዜ ሆነሽ? ወደድሽው? ጓደኛ አገኘሽ?

ሊንዳ ተነሳች። ድራሆሚራ ሰሌዳውን ተደገፈች። አሁን ይህች ልጅ አፏን ትከፍታለች፤ ያ የካናዳ እንግሊዝኛ እንደ ወንዝ ይወርዳል፤ ኢንስፔክተሩም ግራ እጅ ማለት ምን ማለት እንደነበረ ይገባዋል። ሊንዳ ድራሆሚራን አየቻት። ከዚያ መለሰች።

«እዚህ ከሐምሌ እኖራለሁ። ወድጄዋለሁ። ጓደኛ... ገና የለኝም» አለች በእንግሊዝኛ።

ግን በማን እንግሊዝኛ! ፕረዘንት ፐርፌክት መሆን የነበረበት ግስ ቃል በቃል ከቼክኛ የተገለበጠ፣ «ር»ው የአካባቢው፣ የሞራቪያ «ር»፣ የቃሉ ክብደት ሁሉ መጀመሪያው ላይ የወደቀ። ድራሆሚራ የራሷን ድምፅ ሰማች። ስህተቱም የራሷ ነበር፤ ትምህርት በተከፈተ ሰሞን ሰሌዳ ላይ የጻፈችው፣ ልጅቷ «ተሳስተሻል እኮ» ያለቻት ያው ስህተት። ክፍሉ አልሳቀም። ምን ያስቀዋል? ሁሉም የሚናገሩት እንደዚያው ነው።

«ጎሽ» አለ ክሊመሽ። ግሱን በለስላሳ ቃል አስተካከለላትና «ለግራ እጅ መቼም መጥፎ አይደለም። ደካማዎቹ እንዲህ ከመለሱ ክፍሉ ደህና ነው» ብሎ ወደ ቦታው መመለስ ጀመረ።

አለቀ። ድራሆሚራ ተርፋለች። ሥራዋ እጇ ውስጥ ነው፤ ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት። እፎይ ልትል አፏን ከፈተች፣ እፎይታው ግን አልመጣም። ቅንድቡ መነሳት የተወው እሷ ስለተሻሻለች እንዳልነበረ ገባት። ልጅቷ ከነሱ ለመመሳሰል አፏን ስትሞርድ ከርማለች። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ፣ አለች በልቧ።

«ይቆዩ» አለች ጮክ ብላ።

ክሊመሽ ዞረ።

«እሷ ደካማ አይደለችም። ቶሮንቶ ነው የተወለደችው። እንግሊዝኛውን ከእኔም ከእርስዎም በላይ ታውቀዋለች። ግራ እጅሽን አውጪ ያልኳት እኔ ነኝ። ትምህርት ከተከፈተ ጀምሮ አንድ ቃል አላስተነፈስኳትም። ፈራኋት። ሥራዬን እንዳላጣ ፈራሁ።»

ሊንዳ ፊቷ ቀልቶ ወደ መስኮቱ ዞረች። ደወሉም ያኔ ደወለ፤ ያን ያህል ሲናፈቅ ቆይቶ ከረፈደ በኋላ።

ኮሪደሩ ላይ ልጆች እየተጋፉ ያልፋሉ። ክሊመሽ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ የራሱን ጫማ ያጠልቃል። ድራሆሚራ እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው ጨንቋት ፊቱ ቆመች።

«እና፣ ተባረርኩ?»

«ማን ሊተካዎት?» አለ ክሩን እየሳበ። «በዚህ ወር የጎበኘኋቸው ሁሉ እንደ እርስዎ ቅዳሜ ተምረው ሰኞ የሚያስተምሩ ናቸው። ልባርር ብነሳ የሚቀረኝ የለም። እኔ የመጣሁት የትኛው ትምህርት ቤት መጽሐፍ እንዳነሰው ለማየት ነው።»

«ያቺ ሕፃናት ማቆያ የወረደችውስ ሴትዮ?»

«እናቷ ታመውባት ግማሽ ቀን ልሥራ ብላ ራሷ ለምና ነው። ምን ተባለ?»

ድራሆሚራ አጠገቡ ተቀመጠች። ያ ሁሉ መብከንከን ለዚህ ነበር? የሚነጥቃት ሰው በሌለበት ነው ያን ሁሉ ወራት ሥራዋን ታቅፋ ስትጠብቅ የኖረችው?

ክሊመሽ ሁለተኛውን ጫማ አስሮ ተነሳ። ቁጣ በፊቱ አልነበረም፤ ደክሞታል።

«እኔን ሃያ ዓመት አፌን የዘጉኝ ሰዎችም ክፉዎች አልነበሩም» አላት። «ሥራቸውን ፈርተው ነው።»

ባርኔጣውን አጠለቀና ደህና ዋሉ ብሏት ሄደ።

ድራሆሚራ ወደ ክፍሉ ስትመለስ ልጆቹ ወደ ግቢ ወጥተው ነበር። ሊንዳ ብቻ ቀርታለች፤ ቅቤ የተቀባ ዳቦዋን ከወረቀቱ ሳትፈታ ይዛ ተቀምጣለች። ድራሆሚራ ጠባቡ ዴስክ ውስጥ እንደምንም ተሸጉጣ ከጎኗ ተቀመጠች።

«ለምን እንደዚያ መለስሽ?»

«እኔ ጥሩ ከተናገርኩ አንቺ መጥፎ ትመስያለሽ። ልጆቹ ሁሉ ልትባረሪ እንደሆነ ሲያወሩ ሰምቻለሁ።»

ድራሆሚራ ሊንዳን ማየት አቃታት። «ይቅር በይኝ» አለች። ከዚያ አለቀሰች፤ እጇ ላይ የቀረው ጠመኔ ጉንጯን አቦካው። ልጅቷ ምን እንደምታደርግ ግራ ስለገባት ዳቦዋን አካፈለቻት። ሁለቱም አልበሉትም።

«እቤትስ ከአባትሽ ጋር በእንግሊዝኛ ታወራላችሁ አይደል?»

«አናወራም። እማዬ እቤት ቼክኛ ብቻ አለች። ልጆቹ እንዳይስቁብኝ ቶሎ እንድለምድ።»

«ታዲያ የት ነው የምትናገሪው?»

ሊንዳ ትከሻዋን ሰበቀች። «መታጠቢያ ቤት። ውሃውን እከፍትና አወራለሁ።»

«ከማን ጋር?»

«ከማንም። እንዳይጠፋብኝ ነው እንጂ።»

ደወሉ ተደወለ። የስድስተኛ ክፍል ልጆች እየተንጫጩ በሩን ገፍተው ገቡ። ድራሆሚራ ተነሳችና «ውጡ! ስጠራችሁ ትገባላችሁ» ብላ አስወጣቻቸው፤ በሩን ዘግታ ተመልሳ ተቀመጠች።

«በይ ንገሪኝ» አለቻት። «በእንግሊዝኛ። እንደ ራስሽ አድርገሽ።»

«ስለ ምን?»

«ስለ ፈለግሽው።»

ሊንዳ ጀመረች። የመጀመሪያዎቹ ቃላት እየተደናቀፉ ወጡ፣ አንዳንዱም የድራሆሚራ ነበር። ከዚያ ፍጥነቷ ጨመረ። ድራሆሚራ «ውሻ» የሚለውን ያዘች፣ «ሐይቅ» የሚለውን ያዘች፣ ሁለት ጊዜ የተጠራ የልጅ ስም ሰማች፤ የቀረው አለፋት። ግሱ ያለፈ ይሁን ያለ፣ ያለቀ ይሁን ያላለቀ ልትለይ አልቻለችም። ከበሩ ውጭ ስድስተኛ ክፍል ግድግዳውን ይደበድባል፤ ሃንዘልካ በዚያ የፊሽካ ድምፁ «ይህ ክፍል አስተማሪ የለውም?» ይላል። ልጅቷ ትንፋሽ ልትወስድ ቆም ስትል፣ ግማሹ ሳይገባት፣ ድራሆሚራ «ቀጥይ» አለቻት።